መፈለጊያው ሲጠፋ በምን ይፈለጋል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመጣነው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። አገር ስንት የሚያስጨንቅ ነገር እያለባት ስለ ኮምፒዩተር ጥቃቅን ዕቃ መናገር ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን የትልቅ በር ቁልፍ ትንሽ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና ለጥቂት ደቂቃ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

ጉዳዩ ይህ ነው። ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓተ ክወና በማሽን ላይ ሲጫን ከእርሱ ጋራ አብረው የሚመጡ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። ከእነዚህም መካከል የኢንተርኔት ስምና አድራሻ የሚጠየቅባቸው፥ የባለሙያ እጅ ለብዙ ዓመታት የለመዳቸው፥ ዲግና ኤንኤስሉክአፕ የሚባሉት ይገኛሉ። እነዚህና የመሰሏቸው ከአንዳንድ ሥርዓቶች የመጀመሪያ ጭነት ውስጥ እንዲወጡ ተደርጓል። «የሚፈልግ ሰው ከመረቡ ላይ አውርዶ ይጫናቸው» ተብሏል። እንግዲህ የኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም መረቡ በተበላሸ ጊዜ መረቡን የምንመረምርበትን መሣሪያ ከዚያው ከተበላሸው መረብ ላይ እንዴት አድርገን እናወርዳለን? የሚል ነው።

ጓደኞቻችን፤ የኮምፒዩተር ትምህርት ያልተማራችሁ እንዳትሰለቹ አስቀድመን የመሣሪያውን ሥራ በአገራችን ልማድ እናስረዳ።

አንድ ሰው ከደሴ ተነሥቶ በቦረና ወረዳ የሚኖር ዘመዱን ሊጠይቅ መጣ እንበል። የዘመዱን ስም ያውቃል፤ ቤቱን ግን አያውቅም። መካነ ሰላም ሲደርስ መናኸሪያው ላይ ይጠይቃል። እዚያ የተገኘው ሰው ቤቱን ባያውቅ እንኳ ቀበሌውን ያውቃልና «በዚህ ውረድ፤ እዚያ ስትደርስ ጠይቅ» ይለዋል። ቀበሌው ሲደርስ ጎጡን ይነግሩታል፤ ከጎጡ ሲደርስ አንድ ልጅ እየመራ ከደጃፉ ያደርሰዋል። አንድም ሰው የአገሩን ቤት ሁሉ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ግን ከእርሱ የሚቀጥለውን አዋቂ ያውቃል።

የኢንተርኔትም የስም አሠራር እንዲሁ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ስም ነው፤ ማሽን የሚጓዘው በቁጥር ነው። በዶት ኢቲ የሚያልቅ የአንድ ተቋም ስም በጻፍን ጊዜ ጠያቂው ማሽን በመጀመሪያ የሚሄደው ከኤ እስከ ኤም ባሉት ፊደላት በ13 ስሞች ወደሚጠሩት የሥር አገልጋዮች ነው። እነርሱ የተቋሙን ቁጥር አያውቁም፤ የዶት ኢቲን ጠባቂ ግን ያውቃሉ። እርሱም ቀጥሎ ያለውን ጠባቂ ይነግራል። እንዲህ እየተባለ ቁጥሩ ከሚታወቅበት ደጃፍ ይደረሳል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ስለሚፈጸም እኛ አናየውም። ዲግ የሚባለው መሣሪያ ጥቅሙ የማይታየውን ይህን ጉዞ እንዲታይ ማድረጉ ነው። «ማንን ጠየቅህ? ምን አለህ? መልሱስ ለስንት ጊዜ ይጸናል?» ብሎ ይጠይቅልናል።

መሣሪያዎቹ ከየት እንደ መጡ ማወቁም ለኛ ለተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። ቀድሞ የመረቡ ማሽኖች ስም ሁሉ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በሚጠበቅ በአንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ይኖር ነበር። ማሽን በበዛ ጊዜ አንድ ፋይል አልበቃ አለና ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ሰው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1983 ዛሬ የምንጠቀምበትን አሠራር አወጣ። ከዚያም በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አራት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን አሠራር ለዩኒክስ ማሽኖች ሥራ ላይ የሚያውል ባይንድ የተባለውን ፕሮግራም ጻፉ። ኤንኤስሉክአፕም ከዚያው ከበርክሌይ፥ ዲግም ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ወጡ። እንግዲህ እነዚህ ዕቃዎች የተማሪና የተመራማሪ ቤት ልጆች ናቸው፤ እንደኛው በመብራት ሥር ቁጭ ብሎ «ይህ ነገር ለምን አይሠራም?» ሲል ያመሸ ሰው የሠራቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ፍሪቢኤስዲ የሚባል ሥርዓተ ክወና አለ። እርሱም ከዚያው ከበርክሌይ የዘር ሐረግ የሚመዘዝ ነው። ባይንድም ከነመሣሪያዎቹ የቤቱ ልጅ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አብሮት ኖረ። በአውሮጳ አቆጣጠር በጥር 2014፥ ማለት በ2006 ዓ.ም.፥ 10ኛው እትም ሲወጣ ግን ባይንድ ከዋናው ሥርዓት ወጣ፤ በእርሱም ፈንታ አንባውንድ የተባለው ገባ። ከባይንድ ጋራ ዲግና ኤንኤስሉክአፕ አብረው ወጡ። ለተጠቃሚውም «በእነርሱ ፈንታ ድሪልንና ሆስትን ተጠቀም፤ የግድ የቀድሞዎቹን ከፈለግህ ለብቻቸው በፓኬጅ ይገኛሉና ጫናቸው» ተባለ።

ይህን ያደረጉት ሰዎች ተንኮለኞች አይደሉም፤ ምክንያታቸውንም በቅን ልቡና መስማት ይገባናል። በአንደኛ፥ ባይንድ ትልቅ ፕሮግራም ነው። በትልቅ ቤት ሌባ የሚገባበት መስኮት ይበዛል። በየጊዜው የደኅንነት ጉድለት ሲገኝበት ሥርዓቱን የሚጠብቁት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በየእትሙ ላይ ማስተካከያ ማውጣት ነበረባቸው። በሁለተኛ፥ የአንድ እትም ዕድሜ ረጅም ነው፤ የባይንድ ደግሞ የራሱ ዕድሜ አለው፤ ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ባለቤቱ የተወውን ፕሮግራም ሌላው ሊያስታምም ነው። በሦስተኛ፥ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ስም የሚጠይቅለትን እንጂ ለዓለም ስም የሚያድለውን ትልቁን አገልጋይ አይደለም። ለማያርስ ሰው ሞፈርና ቀንበር ማሸከም ምን ይጠቅመዋል?

ይህን የመሰለ ነገር በሌላውም ቤት ሆኗል። ዲቢያን የሚባለው ሊኑክስ በ2017 በወጣው በ9ኛው እትሙ ኢፍኮንፊግንና ኔትስታትን የያዘውን ፓኬጅ ከአዲስ ጭነት ውስጥ አወጣ፤ በእነርሱ ፈንታ አይፒና ኤስኤስ የሚባሉት ገብተዋል። የአፕል ኩባንያም በዚያው ዓመት ቴልኔትን ከማክ ላይ አነሣ። ማይክሮሶፍት ደግሞ ገና ቪስታ ሲወጣ ቴልኔትን ፈልጎ ለሚከፍተው ብቻ እንዲሆን አድርጎት ነበር። ስለዚህ የአንድ ቤት ጠባይ ሳይሆን የዘመኑ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ ጩኸት ተነሥቷል። ከጩኸቱ የሚበዛው «እጃችን የለመደውን ለምን ትወስዱብናላችሁ?» የሚል ነው። እኛ ግን በዚህ ረገድ ከጩኸተኞቹ ጋራ አንቆምም። ልማድ ብቻውን ክርክር አይሆንም። ኤንኤስሉክአፕን ለምሳሌ ብንወስድ የቀድሞው እትሙ ነገር የሚያደናግር ነበር፤ ስለ ጠየቁት ስም ከመመለሱ በፊት የጠያቂውን አገልጋይ ስም ፈልጎ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይቆም ነበር። የባይንድ ሠራተኞች ራሳቸው በአንድ ወቅት «ይህ መሣሪያ ሊቀር ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍ አድርገውት ነበር፤ ኋላ ግን ማስጠንቀቂያውን አነሡለትና እስከ ዛሬ አለ። ስሙ ስለ ተለወጠ ብቻ የሚያለቅስ ባለሙያ ሙያውን ሳይሆን ቃሉን የሸመደደ ነው። ድሪል ዲግ የሚሠራውን አብዛኛውን ይሠራል፤ ከሥር ጀምሮ እያንዳንዱን እርምጃ ማሳየትም ይችላል። የአሠራሩን መሠረት የተማረ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል።

የኛ አቤቱታ ሌላ ነው። እርሱንም በምሳሌ ብንነግራችሁ ይሻላል።

በአንድ ወቅት፥ የት እንደሆነ መናገር ባያስፈልግም፥ ከመካከላችን አራታችን በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነበርን። አንዱ ጓደኛችን የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ሊልክ ቸኩሏል፤ የመጨረሻው ቀን በዚያው ሌሊት ያበቃል። ገጹ አልከፈት አለ። ሌላም ገጽ ቢሞከር አልከፈት አለ። ያለው ማሽን ሊኑክስ በትንሹ ጭነት የተጫነበት ነው። ዲግ ብለን ጻፍን፤ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» አለን። ኤንኤስሉክአፕ ብለን ጻፍን፤ እንደዚሁ አለን። እንግዲያውስ እንጫነው ብለን የመጫኛውን ትእዛዝ ብንሰጥ «የማከማቻውን ስም ወደ አድራሻ መለወጥ አልተቻለም» የሚል መልስ መጣ።

ጓደኞቻችን፤ ይህን መልስ ደግማችሁ አስቡት። ስም ለምን አልታወቀም ብለን ለመጠየቅ መሣሪያ ፈለግን፤ መሣሪያውን ለማግኘት ስም መታወቅ አለበት ተባልን። ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ሣጥን ውስጥ መተው ማለት ይህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሳቀ፤ ማመልከቻ የያዘው ግን አልሳቀም።

በስልክ አውርደን እንዳናመጣ በዚያን ቀን የስልኩም ዳታ አልነበረም። በቁጥር ብቻ ስንሞክር መንገዱ ደኅና መሆኑን አየን፤ በቁጥር የተጠየቀ የውጭ ማሽን ይመልሳል። የጠፋው ስም ነጋሪው ብቻ እንደሆነ ገባን፤ ነገር ግን የቱ ነጋሪ? ብለን የምንጠይቅበት አጣን። በማግሥቱ የስም ነጋሪው ቁጥር የሚጻፍበትን ፋይል ከፍተን ስናነብ የክፍሉን ዕቃ የሚጠብቁት ሰው ከኋላችን ቆመው አዩና «ልጆች፥ ይኼማ አምና የተነሣው ማሽን ቁጥር ነው» አሉን። «ጋሼ፥ ትናንት የት ነበሩ?» አልናቸው። «ትናንት መቼ ጠየቃችሁኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ቁጥር ስንለውጥ ሁሉም ተከፈተ። ዲግ ቢኖር ኖሮ ያንን ቁጥር ጠይቀን ዝም ሲለን፥ ሌላውን ጠይቀን ሲመልስልን፥ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የምንደርስበት ነገር ነበር። የጓደኛችን ቀን ግን አልፎበታል።

ስለዚህ ነገሩ የዕቃ ነገር ብቻ አይደለም፤ የማወቅና ያለማወቅ ነገር ነው። ገጽ አልከፈት ሲል የስልክና የኮምፒዩተር መስኮት የሚነግረን አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ «አልተገኘም» ይለናል። ጠያቂው መሣሪያ ግን አራት ልዩ ልዩ መልሶችን ይለይልናል። አንደኛው «ይህን ስም የሚባል የለም» የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ስሙን ተሳስተን ጽፈናል ወይም ስሙ ተሰርዟል። ሁለተኛው «ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም» የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ችግሩ ከኛ ወዲያ ነው። ሦስተኛው «ለአንተ አልናገርም» የሚል ነው። አራተኛው ዝምታ ነው። ከአራቱ እያንዳንዱ ወደ ሌላ ደጅ ይመራል። ሐኪም ትኩሳቱን ሳይለካ፥ ሆዱን ሳይዳስስ «ታሟል» ብሎ ብቻ ቢመለስ ምን ሐኪም ይባላል?

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። መረብ በብልሽት ብቻ አይቋረጥም። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የመልቀቂያ ፈተና ከተሰረቀ በኋላ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘግተው ነበር፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን፥ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከመረብ ውጭ ሆና ነበር። በዚህ በኛም ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደ ነበር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በእንዲህ ያለው ጊዜ «ተበላሸ» እና «ተዘጋ» የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት የዜጋ ዕውቀት ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና የመረብ መዘጋትን የሚለካው ኡኒ የተባለው ፕሮጀክት በአውሮጳ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2016 ስለ ኢትዮጵያ ያወጡት ጽሑፍ ሊጻፍ የቻለው እዚሁ አገር ውስጥ ሆነው መረቡን የለኩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። «ዘጉብን» ብሎ መናገርና «እዚህ ላይ፥ በዚህ ሁኔታ ተዘግቷል» ብሎ ማስረዳት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ብሶት ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ማስረጃ ያለ መለኪያ አይገኝም።

እንግዲህ «አልጠፋም፤ ማከማቻው ውስጥ አለ፤ የፈለገ ይውሰድ» የሚለው ቃል በኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ልንነግራችሁ እንወዳለን። በዚህ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖር ሰው ይህን ዓይነት ቃል ከሰማ ብዙ ዘመኑ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባው ላይ ተሰብስበው የነበሩትን መጻሕፍት ወሰደ። 350 የሚያህሉት የብራና መጻሕፍት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። «አልጠፉም፤ በደኅና ተቀምጠዋል፤ የፈለገ መጥቶ ያንብብ» እንባላለን። ኋላም ጥቂት የማይባሉት ፎቶግራፋቸው ተነሥቶ በመረብ ላይ ወጣ፤ መልካም ሥራ ነው ብለን ነበር። ነገር ግን በአውሮጳ አቆጣጠር በጥቅምት 2023 ላይብረሪው በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተጠቃና እነዚያ ሥዕላተ መጻሕፍት ለብዙ ወራት ከመረብ ላይ ጠፉ። በዚያው ጊዜ ደግሞ እኛ ራሳችን በስልክ መረብ ልንደርስበት አንችልም ነበር። እዚያም ተዘግቶ፥ እዚህም ተዘግቶ፥ መጽሐፉ «አለ» ይባል ነበር።

ዘረፋና የፕሮግራም አደረጃጀት አንድ ነው እያልን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ብንናገር ቅን ሰዎችን መበደል ይሆናል። የምንለው ይህ ነው፤ «አለ» የሚለው ቃል «ለማን? መቼ? በምን መንገድ?» ካልተባለ ጎዶሎ ነው። መረቡ ሁልጊዜ ለማይጠፋበት ሰው ከጭነቱ ውስጥ መኖርና ከማከማቻው መኖር ልዩነታቸው የአንድ ደቂቃ ነው። መረቡ ለሚጠፋበት ሰው ግን ልዩነታቸው የመኖርና ያለመኖር ነው። የመጀመሪያው ጭነት ምን እንደሚይዝ የሚወስን ሰው ሳያውቀው ለራሱ አገር ይወስናል።

ስለዚህ አንድን መሣሪያ ማውጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ለማለት አንድ መመዘኛ እናቀርባለን። ይኸውም፥ ማሽኑ አሁን ተጭኖ፥ ገመዱ ተነቅሎ፥ ምንም ሳይወርድበት፥ «ለምን አልተገናኘሁም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል ወይ? የሚል ነው። በዚህ መመዘኛ ፍሪቢኤስዲ ያደረገው ነገር ያልፋል፤ ዲግን ቢያወጣም ድሪልንና ሆስትን በቤቱ ትቷልና። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልጠፋም። ዲቢያንም ኢፍኮንፊግን ሲያወጣ አይፒን በቦታው ትቷል። በመመዘኛው የሚወድቁት በጣም እየተመነጠሩ የሚዘጋጁት ትንንሽ ጭነቶች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ዲግም ድሪልም የለም፤ ለኮንቴይነር በሚዘጋጁት ደግሞ ፒንግ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገኝም። መጥረግ መልካም ነው፤ ግን ቤት ሲጠረግ ክብሪቱ አብሮ ከተጠረገ ማታ ኩራዙ በምን ይለኮሳል?

ነቀፌታ ብቻ ይዘን እንዳንለያችሁ ልንሠራው የምንችለውን ደግሞ እንናገር። ሁሉም በእጃችን ያለ ነው፤ የማንንም በጀት አይጠይቅም።

አንደኛ፥ በቤታችን የቀረውን እንወቅ። ዲግ በሌለበት ሊኑክስ ላይ ጌትኤንት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ማሽኑ ስም ሲጠይቅ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ይመልሳል። ነገር ግን ከዲግ ጋራ አንድ እንዳይደለ እንወቅ። ጌትኤንት በማሽኑ ውስጥ የተጻፈውን የስም ዝርዝር ፋይል ጭምር ያያል፤ ዲግ ግን በቀጥታ ስም ነጋሪውን ይጠይቃል። ሁለቱ የተለያየ መልስ ሲሰጡ መለያየቱ ራሱ ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል። የስም ነጋሪው ቁጥር የተጻፈበት ፋይልም የትም አይሄድም፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። እኛ አንድ ቀን ተኩል የፈጀብን ይህን ባለማወቃችን ነው።

ሁለተኛ፥ መረብ ባለበት ቀን ለሌለበት ቀን እንሰንቅ። በፍሪቢኤስዲ ፓኬጅን ከነተከታዮቹ ሳይጭኑ ማውረድ፥ ኋላም ያለ መረብ ከፋይሉ መጫን ይቻላል። የዲቢያን የመጀመሪያው ዲቪዲ እንደ ማከማቻ ሆኖ ያለ መረብ ያገለግላል። ይህን ሁሉ የሚይዝ አንድ ፍላሽ በየኮምፒዩተር ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይከብዳል? ገበሬው እህሉን በጎተራ የሚያስገባው በመኸር ነው እንጂ በክረምት አይደለም።

ሦስተኛ፥ የምንችል ከሆነ በግቢያችን የውስጥ መረብ ላይ የማከማቻ ግልባጭ እናቁም። የውጭው መስመር ቢቋረጥ የውስጡ ገመድ አይቋረጥም። መቶ ተማሪ አንዱን ፓኬጅ መቶ ጊዜ ከባሕር ማዶ ከሚያወርድ አንድ ጊዜ ወርዶ ለሁሉ ቢዳረስ ለመስመሩም እፎይታ ነው። ይህንንም የመምህራኖቻችን ምክር ሳይጨመርበት አንጀምረውም።

አራተኛ፥ በአማርኛ እንጻፈው። አንድ ገጽ ይበቃል። «ገጽ አልከፈት ሲል በመጀመሪያ ይህን ጠይቅ፤ መልሱ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ» የሚል ወረቀት ተባዝቶ በየማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሲመጣ ከማሽኑ ጋራ የሚተዋወቀው በፍርሃት ሳይሆን በጥያቄ ይሁን። የተባዛ ወረቀት መብራት ቢጠፋም ይነበባል፤ መረብ ቢዘጋም አይዘጋም።

አምስተኛ፥ ዝም አንበል። እነዚህን ሥርዓቶች የሚያዘጋጁት ሰዎች ሩቅ ቢሆኑም ሥራቸው ለማንም ክፍት ነው፤ አስተያየትም ይቀበላሉ። መረብ በሚቋረጥበት አገር ያለ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ካልነገርናቸው ከየት ያውቁታል? «ትናንት መቼ ጠየቃችሁኝ?» ያሉንን ሰው ቃል አንርሳ። በበርክሌይ አራት ተማሪዎች የሠሩትን ዓለም ሁሉ ከተጠቀመበት፥ በዚህ በደጋው ያሉ አራት ተማሪዎች የሚጽፉት ማስታወሻ የሚናቅበት ምክንያት የለም።

የተከበራችሁ መምህራን፥ ውድ ጓደኞቻችን፤

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። መረቡ ከተቋረጠ በኋላ መሣሪያ ፍለጋ መሮጥ ከዚህ አይለይም። እኛ ስለ ሁለት ትንንሽ ትእዛዞች መውጣት ልናለቅስ አልመጣንም፤ ዕቃ ያረጃል፥ ይለወጣል፥ ስሙም ይቀየራል። የማይለወጠው ግን መጠየቂያ ሊኖረን የሚገባ መሆኑ ነው። የማያገኝ ሰው ድኻ ነው ቢባል፥ ለምን እንዳላገኘ የሚጠይቅበትን ያጣ ሰው ግን ከድኻም በታች ነው። ዛሬ ማታ መስመሩ ደኅና ነው ተብሏል። ስለዚህ ከዚህ ስንወጣ ወደየመኝታችን ከመሄዳችን በፊት ፍላሽ ያለው ሰው ፍላሹን ይዞ ይምጣ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ።